የፓተንት ጠበቃ ምንድን ነው?

ጠበቃ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ችሎት ፊት ቆሞ የሚከራከር ሰው ነው። የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚቀጥሩት የፓተንት ጠበቃ ግን ችሎት ሳይረግጥ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ዋና ሥራው ፓተንትን፣ ማለትም አንድን ፈጠራ ሌላ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክለውን ሰነድ፣ መጻፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፓተንት ቢሮውን ፈተና ለመውሰድ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ያስፈልጋል። ስለዚህ በእነዚህ የሕግ ቢሮዎች በባዮሎጂ ዶክትሬት የያዘ ጠበቃ ብርቅ አይደለም።

የሚጽፈው “የመብት ጥያቄ” የሚባሉትን ዓረፍተ ነገሮች ነው። ፓተንት ውስጥ ሥዕልም ረጅም ማብራሪያም ይኖራል፤ የባለቤቱን ድንበር የሚያጥሩት ግን እነዚህ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አጥሩ ከጠበበ ተፎካካሪ በጎን ያልፋል። ከሰፋ ደግሞ ሌላ ጠበቃ መጥቶ ያፈርሰዋል።

ሕይወት ባለው ነገር ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ድፍድፍ ዘይት እንዲበላ በሰው ለተለወጠ ባክቴሪያ ፓተንት ይገባዋል አለ፤ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ። በ2013 ደግሞ ከጡት ካንሰር ጋር የተያያዙ ጂኖችን ከሰው ሴል ነጥሎ ማውጣት ብቻ ፓተንት አያሰጥም ብሎ ወሰነ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ የጂን ግልባጭ ግን ፓተንት ሊያገኝ ይችላል። አንድ ቃል ወዲህ ወይም ወዲያ ሲል ስንት ገንዘብ እንደሚንቀሳቀስ አስቡት።

የእኛውን የጤፍ ጉዳይ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጤፍን ለመጠቀም ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈረመ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጸደቀለት። ፓተንቱ “ጤፍ የእኔ ነው” አይልም፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ጠበቃ የለም። የያዘው ዱቄቱን ነው። ዱቄት በውሃ በጥብጠው እያሞቁ፣ አንድ ዘንግ በውስጡ ሰምጦ እስኪወርድ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ የሚለኩበት ዘዴ አለ። እህሉ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 ከሆነ፣ ዱቄቱ የኩባንያው ይሆናል ይላል ጽሑፉ። ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ የታጨደውን ጤፍ ለጥቂት ሳምንታት አቆይቶ መፍጨት ነው። አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ስምምነቱ ኢትዮጵያ እጅ ላይ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ድርጅት ተላልፎ መኖሩን ቀጠለ። ኋላ ባለመብቱ ድርጅት አንድ የዳቦ ግብዓት አቅራቢን ጥሰሃል ብሎ ከሰሰ። የተከሳሹ ጠበቆች “አልጣስንም” ብለው ብቻ አልተመለሱም፤ ፓተንቱ ራሱ ይፍረስ አሉ። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ተስማማ። ለዘርፉ ባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ፈጠራ አይባልምና።

ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ ደስታ ነበር፣ ይገባልም። ኢትዮጵያ ግን በዚያ ችሎት ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ደግሞም የአውሮፓ ፓተንት አንዴ ከጸደቀ በኋላ በየአገሩ ለየብቻው ይቆማል። የሄጉ ፍርድ ያፈረሰው የኔዘርላንድስን ነው።