ስለ ጦር ሜዳው ሾትገን የሚወራውና እውነታው

ሾትገንን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከፊልም ነው፤ አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ተሽቀንጥሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአንድ ቀልሃ ብዙ የእርሳስ እንክብሎችን የሚተፋው ይህ ጠመንጃ በጦርነት ውስጥ የያዘው ቦታ ግን ከዝናው በጣም የጠበበ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በዓለም አቀፍ ሕግ የታገደ መሣሪያ ነው»

አይደለም። ወሬው መነሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ዊንቸስተር ሞዴል 1897 ለምሽግ ውጊያ አሰናዳችው። አፈሙዙ አጠረ፣ የጋለው ብረት እጅ እንዳይፈጅ ከለላ ተደረገለት፣ ሳንጃ የሚሰካበትም ቦታ ተበጀለት። አንዱ ጥይት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው 9 እንክብሎች ይዟል። ምላጩን ስቦ እንደያዘ ለሚያቀባብል ወታደር ደግሞ ባቀባበለ ቁጥር ይተኩስለታል።

ጀርመን በመስከረም 1918 ተቃውሞዋን በይፋ አቀረበች። የጠቀሰችው አላስፈላጊ ሥቃይ የሚያስከትሉ መሣሪያዎችን የሚከለክለውን የ1907ቱን የሄግ ደንብ ነው፤ ይህን ጠመንጃ ወይም ጥይቱን ይዞ የሚማረክ አሜሪካዊም በሞት ይቀጣል ስትል ዛተች። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ላንሲንግ መሣሪያው ሕጋዊ ነው፣ አንድ ምርኮኛ ቢገደል አጸፋውን እንመልሳለን አሉ። ጦርነቱ በኅዳር አበቃ፤ ዛቻው ስለመፈጸሙ የሚታወቅ ማስረጃ የለም። ሾትገንን በስሙ ጠርቶ የሚያግድ ስምምነትም እስከ ዛሬ አልተፈረመም። መቼም ሚያዝያ 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የክሎሪን ጋዝ የለቀቀው የጀርመን ጦር ስለ አላስፈላጊ ሥቃይ አቤት ሲል መስማት ይገርማል።

«ለምሽግ ውጊያ እንከን የለሽ ነበር»

በቅርብ ርቀት አስፈሪነቱ እውነት ነው። ጭቃው ግን አላስቀመጠውም። የጥይቱ ቀፎ ከወረቀት የተሠራ ስለነበር እርጥበት ሲያገኘው እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጥና አልገባም ይላል። ሙሉ በሙሉ ከናስ የተሠራ ቀልሃ የተዘጋጀው ይህ ችግር ከታየ በኋላ ነው። ጥይቱን አንድ በአንድ ማጉረስም ፋታ በማይሰጥ ውጊያ ውስጥ ትልቅ ጣጣ ነው።

«ማነጣጠር አያስፈልገውም»

እንክብሎቹ የሚበተኑት ቀስ በቀስ ነው። ጠበብ ያላለ አፈሙዝ ካለው ጠመንጃ የወጡት እንኳ በ10 ሜትር ርቀት የሚሸፍኑት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነው። ያላነጣጠረ ይስታል። ከ40 እና 50 ሜትር ወዲያ ደግሞ እንክብሎቹ ተራርቀው ጉልበታቸውም ይደክማል፤ ተራው እግረኛ ጠመንጃውን በሾትገን ያልቀየረው ለዚህ ነው።

ሰውን አሽቀንጥሮ ይጥላል የሚባለውም የፊልም ነገር ነው። ያን ያህል የሚገፋ ቢሆን ተኳሹም አብሮ ይወድቅ ነበር።

«የ1917 ፈጠራ ነው»

ጆርጅ ዋሽንግተን በ1777 ወታደሮቻቸው ከአንዱ ትልቅ ጥይት ጋር ትንንሽ እንክብሎችን ደርበው ጠመንጃቸውን እንዲያጎርሱ አዘው ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም የደቡቡ ፈረሰኞች ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃቸውን ከቤታቸው ይዘው ዘምተዋል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አፉ እንደ መለከት የሰፋው ብላንደርባስ የተባለ ጠመንጃ በመርከብና በሠረገላ ላይ ያገለግል ነበር። የአፉ መስፋት የጠቀመው እንክብሉን ለመበተን ሳይሆን በሚናወጥ መርከብ ላይ ቆሞ ባሩድና እርሳስ ለመጨመር ነው።

«ዘመኑ አልፎበታል»

እንግሊዞች በማላያ፣ አሜሪካኖች በቬትናም ጫካ ውስጥ ተዋግተውበታል። የአሜሪካ ጦር የጣሊያኑን ቤኔሊ ኤም 4 የመረጠው በ1999 ነው። አሁን በዩክሬን የሁለቱም ወገን ወታደሮች ድሮን ለመምታት ይዘውታል፤ በተለይ በፋይበር ገመድ የሚመራውን ድሮን በሬዲዮ ሞገድ ማወክ ስለማይቻል ሾትገን የመጨረሻው አማራጭ ሆኗል። ርቀቱ ግን ዛሬም ያው ነው፤ ተኳሹ ድሮኑ በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ እስኪገባለት መጠበቅ አለበት።