«ኢንተርኔቱን መዝጋት ነው!» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ሐሰተኛ ወሬ ግጭት እንዳያስነሳ ስልጠና መስጠት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ወሬን ለመከላከል የሕዝብ በጀት ይያዝ ባልኩ ቁጥር አዳራሹ ይቀያየራል፣ ጥያቄው ያው ነው። «ሕዝብ ዳቦ በቸገረው ጊዜ ለወሬ በጀት ይያዛል እንዴ?» ቀጥሎ ከኋላ ወንበር አንዱ ይነሳና «ኢንተርኔቱን መዝጋት ነው! ወጪ የለው፣ ምን የለው» ይላል። ይጨበጨብለታል። እኔን የሚያቃጥለኝ ጭብጨባው ነው።

እስቲ 2012ን እናስታውስ። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም እንደዚያው ቆየ። ታዲያ ወሬው ሞተ? ግድያውና ቃጠሎው ኢንተርኔት ተዘግቶም ቀጠለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን አስፍሯል። ወሬ በስልክ ይደወላል፣ በሳተላይት ዲሽ ይገባል፣ በባጃጅ ይሳፈራል። መንገድ ያጣው ማስተባበያው ነው።

«ወጪ የለውም» የሚሉት ደግሞ ቀልድ ነው። ያኔ አገሪቱ ውስጥ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው፣ የመንግሥት ድርጅት። በእነዚያ ሳምንታት የቀረበት ገቢ የማን ነው? የእኔና የእናንተ። ለወሬ የሕዝብ ገንዘብ አውጥተናል ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳያጸድቀው፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ወሬ የፌስቡክ በሽታ ነው።» ጥቅምት 2011 ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቹን መርዝ ሊከትቡ መጡ» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ከትምህርት ቤት ሰፈር ለመድረስ ኔትወርክ አይጠይቅም።

«ሕግ አለ፣ በጀት ምን ያደርጋል?» የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ማለትም 1185/2012፣ ከቅጣቱ ጎን የግንዛቤ ሥራም ለመንግሥት ተቋማት ሰጥቷል። ነዳጁና ደመወዙ ከየት ይምጣ?

«የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ ይክፈሉ።» ይክፈሉ እንጂ! ግን አዋጁ ጽሑፍ እንዲያነሱ የሰጣቸው 24 ሰዓት ነው። ቤት ለማቃጠል ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

«ገንዘቡ የካድሬ መፈንጫ ይሆናል።» ይህን የሚሉኝን አልቆጣም። ሲሆን አይቻለሁ። ነገር ግን ያ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በሕዝብ በጀት የሚተዳደር ነው፤ በዚያው ሪፖርቱ የጸጥታ ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል መጠቀማቸውንም ጽፏል። ጥያቄው ገንዘቡ ከየት ወጣ ሳይሆን ማን ያዝዝበታል ነው። ማዘዣውን ለአስተዳዳሪው ሰጥታችሁ ሕዝብ ይመነን አትበሉ።

ብሩም ለባነር፣ ለቲሸርትና ለሆቴል አበል አይሁን፤ በእናታችሁ። ወሬው ሳይመጣ በፊት በየሰፈሩ የሚታመነው ማን እንደሆነ ለይቶ፣ ለማጣራት የሚደወልበትን ቁጥር እጁ ላይ ማስቀመጥ ነው ሥራው። አሰልቺ ነው፤ ፎቶም አይወጣበትም።

አንድ ከተማ ስልጠና ስሰጥ የእድር ሰብሳቢ የሆኑ እናት የውሃ ባለሙያውን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ወሰዱ። ከወራት በኋላ «ታንከሩን እነዚያ መርዘውታል» ተባለ፤ ወጣቱ ዱላ ይዞ ወጣ። እሳቸው ባለሙያውን ደውለው አስመጡና ሁሉም እያየ አብረው ከቧንቧው ጠጡ። ወጣቱ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ገባ።

ለዚያ ሁሉ የወጣው ወጪ የ25 ብር ካርድ ነው። እሱንም ከመቀነታቸው ፈትተው ነው የገዙት።