«ደም አንሶኝ ነው የሚያዞረኝ»፦ ስለ ጆሮ ነርቭ ሕመም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና የሚሠራ ሰው ሳይሰማው የማይውል አንድ አነጋገር አለ፤ «ዶክተር፣ ደም አንሶኝ ያዞረኛል» የሚል። ብዙዎቹ ደማቸውን አስመርምረው አያውቁም፤ ጎረቤት የነገራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። በታማሚው አልፈርድም፤ የሚያንገበግበኝ በደቂቃዎች ሊታከም የሚችል ሕመም ወራት ሙሉ በጉበትና በጥሬ እንቁላል ሲታለል ማየቱ ነው።

ደም ማነስ ያደክማል፣ ልብ ያስመታል፣ ብድግ ሲሉም ዓይን ያጨልማል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ብለው ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርዱ ቤቱ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ከሆነ ግን መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ጆሮ ነው። ጆሮ ለመስማት ብቻ የተሠራ አይደለም። በውስጠኛው ክፍሉ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ የሚለኩ፣ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገኛሉ፤ አጠገባቸው ባለው ከረጢት ውስጥ ደግሞ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። እነዚህ ጠጠሮች በዕድሜ፣ በጭንቅላት ምት ወይም ባልታወቀ ምክንያት ተላቅቀው ወደ አንዱ ቱቦ ሲገቡ፣ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ፈሳሹን እየገፉ ለአንጎል የሐሰት መልእክት ያስልካሉ።

አንዲት እናት ማዞሩ የጀመራቸው በስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ነበር። ቤተሰቡ የጾም ድካም ነው አላቸው፤ ፋሲካ አልፎ ሥጋውም እንቁላሉም ሲበላ ማዞሩ አልለቀቃቸውም። ቀጥሎ የብረት እንክብል ተገዛላቸው፤ ደማቸው ሲለካ ግን ምንም አልጎደለውም። አልጋ ላይ አስቀምጬ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ አዙሬ፣ «እናቴ፣ ዓይንዎን ሳይከድኑ እኔን ይዩ» ብዬ አንገታቸው ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ እስኪል በፍጥነት አጋደምኋቸው። ለጥቂት ሰከንዶች ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታችኛው ጆሮ እየተሽከረከረ ይርገበገብ ጀመር፣ ክንዴንም ጨምድደው ያዙ። ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ጠጠሮቹ ከቱቦው ወጥተው ወደ ከረጢታቸው እንዲመለሱ ጭንቅላታቸውን ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላው ወገን እያዞርሁ፣ በየደረጃው ግማሽ ደቂቃ ያህል እየጠበቅሁ በመጨረሻ አስቀመጥኋቸው። እንደገና ስናጋድማቸው ዓይናቸው ጸጥ ብሎ ነበር። ይህን አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ የቀየሰውንና በ1992 እ.ኤ.አ. በስፋት ያሳወቀውን ዘዴ ለመሥራት ከአልጋና ከሠለጠነ እጅ በቀር የሚያስፈልግ መሣሪያ የለም። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ ሕክምናው ይደገማል።

ስሕተቱ የእኛ አገር ብቻ ነው አልልም። ፕሮስፔር ሜኒየር በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ማዞር ከጆሮ ሊነሣ እንደሚችል ሲያስረዳ፣ የዘመኑ ሐኪሞች ሁሉንም የአንጎል የደም መጨናነቅ ያደርጉት ነበር። ኒውሮቶሎጂ የሚባለው፣ የውስጥ ጆሮንና ከአንጎል ጋር የሚያገናኙትን ነርቮች የሚያክመው ልዩ የሕክምና ዘርፍ የበቀለው ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

በሌላ በኩል፣ ማዞር ሁሉ የጆሮ ነው ብሎ መዘናጋትም አደገኛ ነው። ከማዞሩ ጋር አንደበት ከተሳሰረ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ወይም ያለ ደጋፊ መቆም ካልተቻለ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ሰዓት ሳያባክኑ ሆስፒታል መድረስ ይገባል።

«ጆሮዬ የሚጮኸው ሰው ሲያማኝ ነው» የሚባለው ሐሰት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመስማት ኃይል መቀነስ ምልክት ነውና መስማትን ማስለካት ይገባል።

«ፊቱ የተጣመመው ብርድ መትቶት ነው፣ ለክፎት ነው» መባሉም አልቀረም። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በጆሮ አጥንት ውስጥ በጠባብ መንገድ ያልፋል፤ ሲቆጣና ሲያብጥ በዚያው ይጨመቃል። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ሰባቱን ቀን ከጨረስሁ በኋላ እመጣለሁ ማለት ግን መድኃኒቱ የሚሠራበትን ጊዜ ማሳለፍ ነው። የማይከደነውን ዓይን በቀን በጠብታ ማርጠብ፣ ሌሊትም በጥንቃቄ ሸፍኖ ማደር ያስፈልጋል፤ ደርቆ ከቆሰለ ፊቱ ቢድን እንኳ ዕይታው ሊጎዳ ይችላል። ጆሮ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ ሕክምናው ይለያል።

ከሁሉ ብዙ ጆሮ ያስቀረብን «ኩክ ነው፣ ይለቃል» የሚለው ነው። ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሲነሣ አንድ ጆሮው በድንገት ከደነቆረ፣ የሞቀ ዘይት ጠብ ማድረግም በክብሪት እንጨት መቆርቆርም ጊዜ ከማቃጠል በቀር አይረዳውም። ኩክ መሆን አለመሆኑ ጆሮው ውስጥ በመብራት ሲታይ ወዲያው ይታወቃል። ኩክ ካልሆነ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስቴሮይድ የጀመረ ሰው መስማቱ የመመለስ ዕድል አለው። ከወር በኋላ የሚመጣውን ሰው ግን የምረዳው አብዛኛውን ጊዜ በመስሚያ መሣሪያ ብቻ ነው።