የመንገድ ትከሻን በመጨናነቅ ሰዓት መክፈት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፍጥነት መንገድ ጠርዝ ላይ ለተበላሸ መኪናና ለአምቡላንስ የሚተወውን የመንገድ ትከሻ እንደ ተጨማሪ ረድፍ መጠቀም በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በአሜሪካ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ስለ አሠራሩ የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

«ትከሻው ሥራ የፈታ አስፋልት ስለሆነ መፍቀድ ብቻ ይበቃል።»

በብዙ መንገዶች ትከሻው የሚነጠፈው አልፎ አልፎ ለሚቆም መኪና ታስቦ በመሆኑ የከባድ መኪና ጭነት በየዕለቱ ሲያርፍበት ቶሎ ይጎዳል፤ ድልድይ ሥር ሲደርስም ሊጠብ ይችላል። በእንግሊዟ ከተማ በበርሚንግሃም አቅራቢያ በሚያልፈው ኤም 42 በተባለው የፍጥነት መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ሙከራው ሲጀመር ከመንገዱ በላይ የኤሌክትሮኒክስ ምልክቶች ተሰቅለው፣ ትከሻው ክፍት በሚሆንበት ጊዜ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲወርድ ተደርጎ፣ በየ500 ሜትሩ ገደማ የድንገተኛ ማቆሚያ ተሠርቶ ነበር። ትከሻው ከመከፈቱ በፊትም የቁጥጥር ማዕከሉ ባለሙያ የቆመ መኪና ወይም የወደቀ ዕቃ እንዳይኖር በካሜራ ይመለከት ነበር። ወጪው መንገዱን ከማስፋት ያንሳል፤ ያለ ወጪ የሚሆን ግን አይደለም።

«አንድ ረድፍ ከተጨመረ መጨናነቁ ያበቃል።»

ትከሻው የሚያልቅበት ቦታ ላይ መኪኖቹ እንደገና ወደ ጠበበው መንገድ ስለሚገቡ፣ ቀጣዩ መገናኛ ካልተስተካከለ ሰልፉ ቦታውን ቀይሮ ይጠብቃቸዋል።

«ትከሻው ከተወሰደ መንገዱ የግድ ይበልጥ ገዳይ ይሆናል።»

ይህ አባባል ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንግሊዝ መንግሥት በመጋቢት 2020 ያወጣው ግምገማ ትከሻቸው እንደ ረድፍ የሚያገለግልባቸው መንገዶች በአብዛኛው መለኪያ ከተለመዱት ጋር እኩል ወይም የተሻለ ደኅንነት እንዳላቸው ቢገልጽም፣ በሚነዳበት ረድፍ ላይ ተበላሽቶ ለሚቆም መኪና ያለው አደጋ ግን መጨመሩን አልካደም። በኋላ በተሠሩትና ትከሻው ለዘለቄታው ወደ ረድፍ በተለወጠባቸው መንገዶች ላይ በማቆሚያዎች መካከል ያለው ርቀት እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ተፈቅዶ ነበር፤ ሞተሩ መሃል ላይ የጠፋበት ሾፌር ያን ያህል ርቀት እንዴት ሊንከባለል እንደሚችል መገመት ያስቸግራል። የቆመ መኪናን የሚለይ ራዳርም በብዙ ቦታ የተተከለው ዘግይቶ ነው። በእኔ እምነት ስህተቱ ትከሻውን ከመክፈት ይልቅ ማቆሚያዎቹን ማራራቁ ላይ ነው። መንግሥት በሚያዝያ 2023 ወጪውንና የሕዝብ አመኔታ ማጣትን ጠቅሶ አዳዲሶቹን ፕሮጀክቶች ሰርዟል።

«ለሁሉም ካልተከፈተ ጥቅም የለውም።»

በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ትከሻው ላይ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው አውቶቡሶች ናቸው። ሾፌሩ ወደ ትከሻው የሚወጣው የመንገዱ ፍጥነት በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያንስ ብቻ ሲሆን፣ በጎኑ ካሉት መኪኖችም በ24 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሊፈጥን ይችላል። ከፊቱ የተበላሸ መኪና ከቆመ ትከሻው የዚያ መኪና ስለሆነ አውቶቡሱ ወደ ረድፉ ተመልሶ ይሰለፋል።