«ሳይቃጠል በቅጠል» ለቀጠሮ ማራዘሚያ አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሥራ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የመጋዘን ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም። ልዩነቱ ገና ትንሽ ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኞችም፣ መዝገቡም እዚያው የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ አሉ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋምና በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት ያቅርብ» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ተበተንን። እኔን ግን አንገበገበኝ። ይህን አነጋገር ያወረሱን ሰዎች ሩብ ዓመት የሚጠብቅ እሳት አያውቁም።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። የዚያ ደጋ ገብስ ዘሪ እሳትን ለእርሻው ይጠቀምበታል። ለዓመታት ጦም ያደረውን መሬት ደጋግሞ ያርስና አፈሩን ከነሣር ሥሩ ይከምረዋል፤ ከዚያ ኩበት ከሥሩ አድርጎ ይለኩሰዋል። ክምሩ ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ቀናት ይቆያል። የነደደው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል፣ ለአንድ ሁለት ዓመትም ደኅና ያበቅላል። ታዲያ ክምሩ እስኪበርድ ድረስ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም፤ የበጋው ነፋስ ፍም አንሥቶ የት እንደሚጥል አይታወቅማ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእኛው ክምር ፍም ደረቅ ሣር ላይ አረፈ። ሲነሣ ስፋቱ ከአንድ ቁርበት አይበልጥም ነበር። አጎቴ «ውኃ! ውኃ!» እያለ እንስራ ለማምጣት ወደ ቤት ሮጠ፤ ምንጩ ደግሞ ቁልቁለቱን ጨርሰው ነው የሚገኘው። አባቴ አጠገቡ ከነበረው አምጃ እርጥብ ቅርንጫፍ ገነጠለ፣ ለእኔም ሌላ ወረወረልኝ። እኔ ቅርንጫፉን ሽቅብ አንሥቼ ሳሳርፈው «አትምታው፣ ተጫነው!» ብሎ ጮኸብኝ። እያነሡ ቢወግሩት ፍንጣሪው ይበተናል። ቅጠሉ ነበልባሉ ላይ ይጫንና ወደ ተቃጠለው ጎን ይጎተታል፤ ወደ ደረቁ ሣር ፈጽሞ አይገፋም። ሲጠወልግ ይጣልና ሌላ ይገነጠላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቅባት ስላለው አባቴ ለዚህ ሥራ አያምነውም ነበር። አጎቴ ውኃውን ተሸክሞ ሲመለስ የቀረው የጠቆረ መሬት ብቻ ነበር።

ይህን አነጋገር የወለደው የእኛ ደጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ከዚህ እምነት አያናውጠኝም። በገዛ እጁ እርሻው ላይ እሳት የሚለኩስ፣ የቤቱ ክዳን የሚሆነው ሣር ደግሞ በዚያው ነፋስ አቅጣጫ ገና ተራራው ላይ ያለ ገበሬ ሌላ የት አለ? የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የተራራ ሣር ለክዳንና ለገመድ ሲል ለዓመታት ከልሎ እያቆየ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ያጭድ ነበር። ያ የመንዝ የጥንት አባቶች የአስቦና የገራ ተወላጆች ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ኖሯል። እንዲህ የተጠበቀ ሣር ባለበት ቦታ ትንሿን እሳት ችላ ማለት የስንቱን ጎጆ ክዳን ማሳጣት ነው። አነጋገሩ ወንዝ ዳር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ስለ ውኃ ያወራ ነበር። ቅጠሉ የገባው ቤት እንዲመታ ብቻ ነው የሚሉትንም አልቀበልም፤ ቅጠሉ መጀመሪያ በገበሬው እጅ ላይ ነበረ፣ ዜማው በኋላ መጣ።

ሥራ የምናሳድረው ሁልጊዜ ሰንፈን አይደለም። ችግሩን ፊት ለፊት ማየት ያስፈራናል፤ ስለዚህ እንደ አጎቴ ውኃ ፍለጋ እንሮጣለን፣ ስንሮጥ ደግሞ የሠራን ይመስለናል። የባንክ ዕዳ የዘገየበት ሰው ሙሉው ገንዘብ እስኪሞላለት ከባንኩ ደጃፍ ይሸሻል፤ ዛሬ ሄዶ «ይህን ያህል አለኝ፣ የቀረውን እንዴት ላድርግ?» ቢል ወለዱ ሳይቆለል መላ ይገኝ ነበር። ከወንድሙ የተቀያየመ ሰው ፋሲካን ይጠብቃል፤ ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ሪፖርቱ የዘገየበት ሠራተኛም የመጀመሪያዋን ገጽ ጽፎ ለአለቃው «እዚህ ላይ ተቸግሬአለሁ» ቢል ግማሹ ጭንቀት ይለቀዋል።

ከዚህ የከፋም ሰምቻለሁ። ገና ምንም ያላጠፋን ሠራተኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የሚያባርሩ፣ ጥያቄ ያነሣን ወጣት በዚሁ ቃል የሚያስፈራሩ አለቆች አሉ። የእኛ ገበሬ እሳት ያልነካውን ሣር ሲቀጠቅጥ አይውልም፤ ቅጠል የሚገነጥለው ጭስ አይቶ ነው። ሰው መቅጣት የፈለገ በስሙ ቅጣት ይበለው፣ ሰበቡንም ይናገር፤ የመንዝን ገበሬ ቃል ግን ለዚህ አያውለው።