«እውነቱን ንገራቸው» እያላችሁ ልጆቻችሁን አታሳስሩ

ሜሪላንድ ውስጥ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሰራው፣ ከሚደውልልን ሰው ብዙው ሀበሻ ነው፣ እና ስለ ልጆች የወንጀል ሕግ የሚነገረኝ ነገር ግማሹ ከፊልም ግማሹ ከቤተክርስቲያን ግቢ ወሬ የተቃረመ ነው። ሁሌ በስልክ ከምጨቃጨቅ ልጻፈው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

«18 ሳይሞላው ምንም አይሆንም።» ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ዊስኮንሲን ውስጥ 17 የሞላው ልጅ በወንጀል ሲከሰስ እንደ አዋቂ ነው የሚታየው። ሉዊዚያና ወደ 18 ከፍ አድርጋው ነበር፣ በ2024 መልሳ አወረደችው። ጆርጂያማ በግድያና በሽጉጥ ዝርፊያ አይነት ክስ የ13 ዓመት ልጅም ቀጥታ አዋቂዎቹ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ይሄ ሕግ ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው። አትላንታና ዳላስ ያላችሁ ሰምታችኋል።

«18 ሲሞላው ሪከርዱ በራሱ ይጠፋል።» ብዙ ስቴት ላይ ካላመለከታችሁ አይጠፋም።

«ጁሪው ያዝንለታል።» የምን ጁሪ፣ የምን ከሕዝብ የተመረጠ ፈራጅ? ጁቬናይል ኮርት፣ ማለትም የልጆች ፍርድ ቤት፣ አብዛኛው ስቴት ላይ ዳኛው ብቻውን ነው የሚወስነው።

«ጁቬናይል ኮርት ጥፋተኛ ካለው ግሪን ካርዱ አበቃለት።» ይሄኛው እንኳ በተቃራኒው ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2000 እንደወሰነው የጁቬናይል ውሳኔ እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። ግን ዕፅ መሸጥ ከሆነ ድርጊቱ ራሱ ጣጣ ያመጣል፣ ጉዳዩ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ከዞረም ነገሩ ሌላ ነው።

«አንድ ሌሊት ይደርና ይማር» ብላችሁ ራሳችሁ ፖሊስ የምትጠሩ ደግሞ አላችሁ። ኒው ጀርሲ ራህዌይ እስር ቤት በ1970ዎቹ ልጆችን እያስገቡ ዕድሜ ልክ እስረኞች ይጮሁባቸው ነበር፣ እንዲፈሩ ተብሎ፣ ሌላውም ስቴት ቀዳው። በኋላ ሲጠና እንደዚህ የተደረጉት ልጆች ካልተደረጉት ይልቅ ተመልሰው ማጥፋት አበዙ። ደግሞ ፖሊስ እንደ አጎት ገስጾ አይሄድም። የጠራችሁት እናንተ ብትሆኑም ክሱን መተው የዐቃቤ ሕጉ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ልጄ ንጹህ ነው፣ ምን የሚደብቀው አለና ነው ሎየር (ጠበቃ) የሚያስፈልገው?»

አንዲት እናት ነበረች፣ ልጇ 15 ዓመቱ፣ የተሰረቀ መኪና ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ታይቷል ተብሎ ፖሊስ ቤት መጣ። የሜሪላንድ ሕግ በ2022 ከመሻሻሉ በፊት ነው። ሰውየው ትሁት ነው፣ እሷም እንግዳ አክባሪ ናትና ቡና ካልጠጣህ አለችው፣ ልጁ ዝም ሲል «ንገረው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል!» አለች። ልጁም «መኪናው የሚነዳው ጓደኛዬ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር» አለ፣ በቃ። አብሮ የተሳፈረን ልጅ ለመክሰስ መሰረቁን ማወቁን ማሳየት አለባቸው፣ ያቺን ደግሞ ሳሎኗ ውስጥ ራሷ አስነግራ ሰጠቻቸው። ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም እኮ!

«ወላጅ አጠገቡ ካለ ችግር የለውም» ለምትሉ፣ በ1989 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሴት ደፈራችሁ የተባሉትን አምስት የኒውዮርክ ልጆች አስታውሱ። ከ14 እስከ 16 ዓመት ነበሩ። ከነሱ አንዱ አንትሮን ማክሬይ በኋላ ራሱ እንደተናገረው የሚፈልጉትን ንገራቸውና ቤታችን እንሂድ ያለው አባቱ ነው። ቤት አልሄደም፣ ታሰረ። እውነተኛው ደፋሪ ያመነውና ዲኤንኤው ከሱ ጋር የገጠመው በ2002 ነው፣ ከተማው 41 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ደግሞ በ2014። ከአምስቱ ሌላው ኮሪ ዋይዝ 16 ስለነበረ እንደ አዋቂ ታይቶ አዋቂዎች እስር ቤት ገባ፣ ኒውዮርክ ዕድሜውን ወደ 18 ማሳደግ የጀመረችው ገና በ2018 ነው።

ፖሊስ ለተጠርጣሪ «ጓደኛህ አውጥቷል» ብሎ ቢዋሽ እንደሚፈቀድለትስ ታውቃላችሁ? ከ1969 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተቀበለው ነገር ነው። ልጅን መዋሸት መጀመሪያ የከለከለችው ኢሊኖይ ናት፣ በ2021። ሁሉም ስቴት ይሄን መከተል አለበት፣ አዋቂ የሚያታልል ዘዴ 14 ዓመት ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

የሜሪላንዱ የ2022 ማሻሻያ ደግሞ «ልጅ አይጠየቅም ይላል» ተብሎ ይወራል። ኧረ አይልም! በቁጥጥር ስር ያለ ልጅ ከመጠየቁ በፊት ጠበቃ ያማክር ነው የሚለው፣ በስልክም ቢሆን፣ ልጁም እናንተም ይቅር ብላችሁ መተው አትችሉም። አስቸኳይ የሕዝብ ደህንነት አደጋ ካለ ብቻ ነው የሚታለፈው። ግን ልብ በሉ፣ «በቁጥጥር ስር» ካልተባለ አይሰራም፣ ያቺ እናት ሳሎን ዛሬም ቢሆን አይሸፍናትም።

ስለ ክፍያ አትጨነቁ። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጀራልድ ጎልት ጉዳይ ልጅም የጠበቃ መብት አለው፣ አቅም ከሌለውም ይመደብለታል ብሏል። ያ የአሪዞና ልጅ በ15 ዓመቱ በስልክ ብልግና ተናገርክ ተብሎ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ እንዲታሰር የተወሰነበት ነው፣ አዋቂ ቢሆን ቢበዛ 50 ዶላር ወይ ሁለት ወር ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁ ስሙን ይናገር፣ አይሩጥ፣ አይዋሽ፣ «ሎየር እፈልጋለሁ» ይበልና ዝም ይበል። ቃሏ ሎየር ትሁን፣ ሌላ ሰው ጥሩልኝ ማለት አይበቃም። በ1979 «የፕሮቤሽን ኦፊሰሬን ጥሩልኝ» (በአመክሮ የሚከታተለውን ሰው ማለቱ ነው) ያለ የ16 ዓመት ልጅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ጠበቃ እንደጠየቀ አልተቆጠረለትም። ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፖሊስ ተቀምጦ ከጠበቀውም «ሎየር እፈልጋለሁ» ብሎ ዝም ይበል። እናንተም እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ተከሳሹን ልጅ «ምን አሉ?» እያላችሁ በራሱ ጉዳይ አታስተርጉሙት።