«የስህተት ክብ» መሣሪያው ተሳስቷል ማለት አይደለም

የጋማ ጨረር ፍንዳታ (ከሩቅ ሕዋ የሚመጣ ድንገተኛና እጅግ ኃይለኛ የጨረር ብልጭታ) ሲመዘገብ ከአቅጣጫው ጋር የሚጻፈው «የስህተት ክብ» ጉድለትን አይናገርም፤ ፍንዳታው በከፍተኛ ዕድል፣ ብዙውን ጊዜ በ90 በመቶ፣ የሚገኝበትን የሰማይ ስፋት ያመለክታል። ደሴ ሆኖ ነጎድጓድ የሰማ ሰው «ከጦሳ በኩል ነው» ቢል አልተሳሳተም፤ ከየትኛው ሸንተረር እንደሆነ ግን ገና አልለየም።

ጋማ ጨረር በከባቢ አየር ስለሚዋጥ ከጦሳ አናት እንኳ ሊታይ አይችልም፤ የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ መውጣት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በተራ ሌንስም ስለማይሰበሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀችው ስዊፍት ሳተላይት ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ከ50,000 በላይ ትናንሽ ንጣፎች ክፍተት እየተተወ የተደረደሩበትን ጭንብል ትጠቀማለች። ንጣፎቹ በመመርመሪያው ላይ የሚጥሉት ጥላ እንደ ጨረሩ አቅጣጫ ስለሚንሸራተት፣ የምንጩ ቦታ ከጥላው ተነሥቶ ይሰላል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ይህ ነው። ክቡ በዚህ ደረጃ ጥቂት የዲግሪ ደቂቃዎች (አንዱ የዲግሪ 1/60) ብቻ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ 30 ደቂቃ ያህል ትሸፍናለች። ሳተላይቷ ወዲያው ዞራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፗን ስታነጣጥር ደግሞ ክቡ ወደ ጥቂት የዲግሪ ሰከንዶች (አንዱ የዲግሪ ደቂቃ 1/60) ይጠብባል።

የፌርሚ ሳተላይት የፍንዳታ መከታተያ ግን በየአቅጣጫው የተተከሉ መመርመሪያዎቹ የቆጠሩትን ጨረር መጠን በማነጻጸር ብቻ ስለሚሠራ፣ ክቡ ብዙ ጊዜ በርካታ ዲግሪ ይሰፋል።